የባንቻየሁ እጅ

አልቃሿ ግጥሟን ልትዘጋ አንዲት ቃል ሲቀራት፣ ከባንቻየሁ ጉያ ውስጥ ስልኩ ጢን አለ።

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ሰሙት። አልቃሿም ሰማችው፤ ቃሏን ዋጥ አድርጋ ወደ ባንቻየሁ ዞረች። ስልክ መቼም ሰው አያፍር፤ ደገመ፣ ሰለሰ። ባንቻየሁ ዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ሰብስባ፣ በተቀማጮቹ ጉልበት መካከል እየተሽሎከለከች ወጣች። ሹክሹክታው ከኋላዋ ተከተላት። ከቀብሩ ጀምሮ ሲከተላት ነው የሰነበተው። አልጮኸችም። ፊቷን አልነጨችም። ሬሳው ከቤት ሲወጣ እንኳ፣ ሰው ሁሉ መሬት ሲወርድ፣ እሷ እግሯ ሥር የወደቀ እንዝርት አንሥታ መደርደሪያ ላይ ስታስቀምጥ ታይታለች። ደንግጣ ነው፣ ቀስ ብሎ ይመጣባታል ያለች አለች። ድሮም ግትር ናት፣ ለሐዘንም እጅ አትሰጥ ያለችም አለች። ባንቻየሁ ሁለቱንም ሰምታለች። የጎረቤት ወሬ መስሎ ነው ያለፋት።

ከጓሮ፣ ከገብስ ጭዱ ክምር አጠገብ ቆማ ስልኩን አወጣችው። የልጇ የያለምወርቅ ስልክ ነው። አንድ ጥጉ ተሰንጥቋል፤ ፖሊሶቹ ከሻርፗ ጋራ በፌስታል አድርገው ሲሰጧት እንደዚሁ ሆኖ ነው የደረሳት። ክንዷን ዘርግታ አርቃ ያዘችውና ፊደሉን አንድ በአንድ ትለቅመው ገባች። ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ማንበብ ለሷ ከምስር ውስጥ ጠጠር እንደመልቀም ነው።

ያለም፣ የልጅ ኮፍያ አለ ወይ ነው የሚለው። ከሐዋሳ የምትጽፍ ሴት ናት። ከሷ በላይ ሌላ ጠያቂ አለ፤ ከዚያም በላይ ሌላ። አንዳቸውም ያለም ከትናንት ወዲያ መቀበሯን አያውቁም። የባንቻየሁ ጣት መስታወቱ ላይ ተንሳፎ ቀረ። ዕድሜ ልኳን ገበያ ስትቀመጥ አንድ ሕግ ነበራት፤ የጠየቀ ሁሉ መልስ ይገባዋል፣ ገዛም አልገዛም። ዝም የተባለ ሰው ሁለተኛ አይመጣም። ለልጇም ያስተማረቻት ይህንኑ ነው። አሁን ግን ምን ብላ ትመልስ?

ስጦታ ከኋላዋ መጣች። ስጦታ የእህቷ ልጅ ናት፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት የሴቶች ፀጉር ቤት ከፍታ የምትኖር፣ ስልክ ላይ እጇ የቀለጠፈ ሴት። የራሷን ስልክ ዘረጋችላት። ያለም በሁለት ሻማ መካከል ሆና ትስቃለች፤ ከራሷ በላይ ርግብ ይበራል፤ ከሥር ነፍስ ይማር የሚል ተጽፏል። በያለም የንግድ ገጽ ላይ እናውጣው፣ ደንበኞቿም ይወቁት፣ የሚያለቅስም ያልቅስላት አለች ስጦታ።

ባንቻየሁ ሥዕሉን አየችው፤ የማያውቁትን ሰው እንደሚያዩ።

"አጥፊው" አለች።

"አክስቴ፣ ሰው ሁሉ እኮ ስንት የሚያወጣውን..."

"እየሩስ ታየዋለች። እዚሁ እኔ እያየሁ አጥፊው።"

ስጦታ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረስታው ነበር።

*

እየሩስ የባንቻየሁ ታላቋ ልጅ ናት፤ ባህር ዳር አግብታ የምትኖር። ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወርዶባታል። በሦስተኛው ሐኪም ሆዷን ቀድዶ ወንድ ልጅ አስታቀፋት። ይህ የሆነው ያለም ከመሞቷ አምስት ቀን በፊት ነው። ባንቻየሁ ልታርሳት የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ፣ ሻንጣዋን አስራ ቁጭ ብላ ነበር።

አራስ መርዶ አይነገራትም። ደሟ ይታወካል፣ ጡቷ ይደርቃል፤ ከባሰም ሟቹን ትከተላለች። ስለዚህ ሬሳው ገና አልጋ ላይ ሳለ፣ የባንቻየሁ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም አያ ሰብስቤ ዘመዱን ሁሉ ጓዳ ሰብስበው ቃል አስገቡ። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ክርስትና እስኪነሣ ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ ከዚያ ሽማግሌ ከደባርቅ ባህር ዳር ወርዶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ ያረዳታል። የሚያውቀው ባሏ ታደለ ብቻ ነው። እሱም ቤት ሲገባ እየሳቀ፣ መንገድ ሲወጣ እያለቀሰ ይኖራል። ለእየሩስ የተነገራት እናቷ ጉልበቷ አብጦ መንገድ እንደከለከላት፣ የያለምም ስልክ ውኃ ገብቶበት ድምፅ አላሰማ እንዳለ ነው።

ሁሉም ታስቦበት ነበር። ገጹን ግን ማንም አላሰበውም።

*

ገጹን ያለም የከፈተችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቃ ቤት የተቀመጠችበት ሰሞን ነበር። ከመንገዱም ፈረንጅ የጠፋበት ሰሞን ነበር። ባንቻየሁ የበግ ጠጉር ነድፋ፣ ፈትላ፣ በኪሮሽ ኮፍያና ካልሲ ትሠራለች፤ በደጉ ዘመን ወደ ተራራው የሚወጣው ፈረንጅ ሁሉ እየቆመ ይገዛት ነበር። ፈረንጁ ሲቀር ኮፍያው በጆንያ ተከማቸ። አንድ ጠዋት ጆንያውን ቢፈቱት አይጥ ወልዳበት ተገኘች። ያለም አይጧን ከነልጆቿ ቀረጸቻትና፣ "ገዢ ስናጣ ይቺ አራስ ሆነችበት፤ ሞቋታል" ብላ ለጠፈችው። በማግሥቱ አርባ ሰው ኮፍያው የት ይገኛል ብሎ ጠየቀ።

ባንቻየሁ ያን ቀን ማማሰያ ይዛ ልጇን ጓሮ ለጓሮ አሳድዳታለች። አይጥ የወለደችበትን ዕቃ ለአገር ማሳየት ምን የሚሉት ንግድ ነው? ያለም ቁመቷ ዘንካታ ነው፤ በሁለት እርምጃ አጥሩን ተሻግራ ከማዶ ሆና ትስቃለች።

"እማ፣ አንቺስ ገበያ ላይ ከኮፍያው በፊት ጨዋታሽን አይደል የምትሸጪው? እኔም ያንኑ ነው ያደረግሁት።"

እውነቷን ነበር። ባንቻየሁ ግን እውነትሽን ነው አላለቻትም።

ንግዱ ሲነሣ ያለም ሌላ ነገር አመጣች፤ ሰው የሚሠራውን ሰው ማየት ይፈልጋል፣ ፊትሽን አሳዪ አለች። ባንቻየሁ፣ ፊቴ እህል አይደለም፣ ገበያ ላይ አይሰጣም አለቻት። በዚህ ላይ እናትና ልጅ ሦስት ዓመት ተጨቃጨቁ። ገና ከጅምሩ ለጊዜው የተስማሙት በእጅ ነው፤ እጇ ይታይ፣ ሌላው ይቅር። ገጹም ስሙ "የባንቻየሁ እጅ" ሆነ። ያለም ከጓሮው ባሕር ዛፍ አንድ ባላ ቆርጣ፣ ልጣ፣ በቁመቷ ልክ አድርጋ ከደጃፉ ተከለችው። ስልኩን በሁለቱ ቅርንጫፍ መካከል በጎማ ላስቲክ ታስረዋለች። ከሥር የተቀመጠችው የባንቻየሁ እጅ እንዲታይ ሲፈለግ ስልኩን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ሲበቃት ወደ ቁመቷ ትመልሰዋለች። እሷ አትታይም። ከስልኩ ጀርባ ቆማ ትናገራለች እንጂ። ሁልጊዜ በአንድ ቃል ነው የምትጨርሰው፦ "ደባርቅ ነን። ብርዱ የኛ፣ ኮፍያው የናንተ።" ቀጥላም "በቃ እማ፣ ተይዟል" ትላለች፤ ይህን ቆርጣ ታወጣዋለች።

ሌላው ነጋዴ ሁሉ ዋጋ በውስጥ መስመር እያለ ይጽፋል። ይህን ባንቻየሁ ስትሰማ ዋጋ የሚደብቅ ሚዛንም ይሰርቃል ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ወዲያ ያለም ዋጋውን ከነምክንያቱ በአደባባይ ትናገራለች። ለጠየቀ ሁሉ ትመልሳለች። ለሰዳቢም ትመልሳለች። አንዱ ኮፍያችሁ በግ በግ ይሸታል ብሎ ቢጽፍላት፣ ከምን የተሠራ መስሎህ ነበር ወንድሜ፣ ከጭላዳ ዝንጀሮ? አለችው። ሰውዬው ሦስት ገዛ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጎንደር ድረስ፣ ያቺ የጭላዳዋ ልጅ እያሉ ነው የሚጠሯት።

*

ሳልስቱ ወጥቶ ድንኳኑ ተነሣ። ለቀስተኛው አሁን ቤት ውስጥ፣ ሣር ላይ ነው የሚቀመጠው። ንፍሮው በሰፌድ ይዞራል። ባንቻየሁ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም፤ ሲሰጧት ታኝካለች። ከሁሉ የከበዳት እጇ ነው። በሐዘን ቤት አይፈተል፣ ኪሮሽ አይያዝ። አርባ ዓመት ሥራ ፈትቶ የማያውቅ እጅ ጭኗ ላይ ተጋድሞ፣ የሌላ ሰው ዕቃ በአደራ የተቀመጠባት ይመስላታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ታደለ ደወለ። በሹክሹክታ ነው የሚናገረው። እየሩስ ልጇን እያጠባች ገጹን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፤ መልሳ ትከፍታለች። ያለም ለፋሲካ እንኳ ያላረፈች ልጅ፣ እንዴት አራት ቀን ዝም ትላለች? ታማ ነው? ከማን ተጣልታ ነው? እስከ ነገ ምንም ካልወጣ ደባርቅ ላሉት የያለም ጓደኞች ልትደውል ነው። ጓደኞቿ ደግሞ ከቀብሩ ወዲህ ለቅሶ ያላቆሙ ናቸው፤ ሃሎ ስትላቸው ሁሉም ነገር ይወጣል።

ስጦታ የያለምን ስልክ ይዛ ጓዳ ገባች፤ ባንቻየሁ ተከተለቻት። ተቀርጸው ያልወጡ ሦስት ቪዲዮዎች ተገኙ። ስጦታ የመጀመሪያውን ለማየት ነካችው፤ ድምፁን መቀነስ አላሰበችም።

"ደባርቅ ነን። ብርዱ የኛ..."

የያለም ድምፅ የጓዳውን የጭቃ ግድግዳ አልፎ ለቀስተኛው መካከል ገባ። ከዚያ ለቅሶው ቆርቆሮውን እስኪያንቀጠቅጠው ተነሣ። እማሆይ ወለተ ማርያም የሚባሉ፣ ያለምን በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉ አሮጊት፣ መቋሚያቸውን ጥለው ጓዳ ዘለው ገቡ። ጥግ ጥጉን አዩ። ከጋኑ ኋላም አዩ። ስጦታ ስልኩን ብታሳያቸው እንደ መቀመጥም እንደ መውደቅም አድርጓቸው ግድግዳው ሥር ቀሩ።

ባንቻየሁ ቪዲዮውን ታያለች። የሚታየው የገዛ እጇ ነው። ድምፁንም ትሰማለች። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይሰብረኛል ብላ ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ጣቶቿ ውስጥ እንደ ውርጭ ያለ ነገር ብቻ አለ።

"ልጠፊው" አለች።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ እየሩስ ጻፈች። ስጦታ አነበበችላት።

"ያለሜ፣ ይሄ እኮ የቆየ ነው። ከኋላ ያለው በር አረንጓዴ ነው፤ ለፋሲካ ሰማያዊ ቀብታችሁት የለ? ምን ሆነሽ ነው አሮጌ የምትለጥፊው? እማ ደህና ናት?"

የቀሩት ሁለቱም በአረንጓዴው በር ፊት የተቀረጹ ነበሩ።

አያ ሰብስቤ ተጠርተው መጡና መከሩ። ያለም ታማለች በሏት፣ ቀለል ያለ ጉንፋን በሏት አሉ። ባንቻየሁ ራሷን ነቀነቀች። እየሩስን የወለደቻት እሷ ናት። ያለም ታመመች ከተባለች ከነስፌቷ፣ ከነጨቅላዋ ተነሥታ መኪና የምትሳፈር ልጅ ናት። ባንቻየሁ በተከፈተው በር የደጃፉን ባላ እያየች ነበር። ከተተከለበት ማንም አልነካውም።

"ያለም ሁልጊዜም ከስልኩ ኋላ ናት" አለች። "ታይታ አታውቅም። እኔ ከፊቱ ከቆምሁ፣ እየሩስ ያለም ከኋላው ናት ነው የምትል።"

ስጦታ ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ? ፊትሽን?"



*

እንቢታዋን ሰው ሁሉ ያውቃል። የመጨረሻዋን እንቢታ ግን እሷ ብቻ ናት የምታውቃት።

የዳባት ገበያ ቀን ነበር። የበግ ጠጉር የምትገዛው ከዳባት ነው፤ ራሷ ሄዳ፣ ጆንያውን እስከ ሥሩ ገልብጣ፣ አሽትታ፣ በጣቷ ፈትጋ። ከነጋዴዎቹ ጋራ ስትከራከር ሰው ከበብ ብሎ ያያታል። ያን ቀን ጠዋት ያለም አብሬሽ ልሂድ አለች። አንዴ ብቻ ስትከራከሪ ልቅረጽሽ፤ እሱን ያየ ሰው ኮፍያ ሳይሆን አንቺን ነው የሚወድ፤ እባክሽ እማ፣ አንዴ።

"የምትቀርጪኝ ከሆነ አልሄድም" አለች ባንቻየሁ።

"እንግዲያ ብቻዬን እሄዳለሁ። ጠጉሩን እኔው እገዛለሁ።"

"ሂጂ።"

ቀና ሳትል ነው ያለቻት። እንዝርቷን እያሾረች፣ ዓይኗ ከክሩ ሳይነሣ። የልጇን ጫማ ብቻ ነው ደጃፉን ሲያልፍ ያየችው። ስትመለስ ያለም የተሳፈረችበት ሚኒባስ ወቅን ከተማ ሳይደርስ ጉም ውስጥ ተገለበጠ። የገዛችው ጠጉር ሁለት ጆንያ ነው፤ ከሷ በኋላ ቤት ደረሰ። ባንቻየሁ ሰው ሳያያት የአንዱን አፍ ፈትታ እጇን ሰድዳ ነበር። ጥሩ ጠጉር ነው። ልጇ አልተታለለችም።

*

በስድስተኛው ቀን ጉሙ ማልዶ ተነሣ። ባንቻየሁ ጥቁሯን አወለቀች። የዘወትር ቀሚሷን ለበሰች፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ቢጫ ሻሿን አሰረች። ስጦታ ግንባሯን በቅባት አበሰችላት። ያልተነጨ ፊት ነው፤ ሰው ሲያማት የሰነበተው ይኸው ፊት ነው አሁን የተፈለገ።

ጓሮ መቆም አይቻልም፤ እየሩስ ሰማያዊውን በር ማየት አለባት። በሩ ደግሞ ለቀስተኛው የሚገባበት የሚወጣበት ነው። ስጦታ ውስጥ ላሉት ሴቶች ነገሩን አስረድታ፣ እንዳይስሉ እንኳ ለምና በሩን ዘጋችባቸው። አሥር ሴት ከሰማያዊው በር ጀርባ ትንፋሹን ይዞ ተቀመጠ።

ያን ጊዜ አያ ሰብስቤ በአጥሩ በር ገቡ። ከኋላቸው ከአምቢኮ ማዶ ድረስ በእግር የመጡ ለቀስተኞች አሉ። ባንቻየሁን ከነቢጫ ሻሿ ደጃፉ ላይ ቆማ ሲያዩ እግራቸው ተያዘ።

"ባንች፣ ምንድን ነው የማየው? ሰባቷ እንኳ ሳይወጣ? አገር ምን ይላል?"

"አገር የሚለውን ብሎ ይጨርሳል አያ ሰብስቤ፤ ሲጨርስ ቤቱ ይገባል። እኔ የቀረችኝ አንዲት ናት። በሩን ይያዙልኝ።"

አያ ሰብስቤ ሻሹን አዩ፤ ባላውን አዩ። ከዚያ ዞረው የአጥሩን በር ወደ ውጭ ገፉና በትራቸውን አግድም ይዘው ቆሙበት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽምግልና ውሸት ሲያጋልጡ የኖሩ ሰው፣ ለቀስተኞቹን፣ "ቤቱ እየተጠረገ ነው፤ አቧራው ይረፍ" ሲሉ ተሰሙ።

ስጦታ ስልኩን ባላው ላይ አሰረችው። አጭር ናት፤ ለመንካት ድንጋይ አምጥታ መቆም ነበረባት። ባንቻየሁም ስልኩን ለማየት አገጯን ቀና ማድረግ ግድ ሆነባት። ከዚህ ቁመት ጋራ ስትናገር የኖረችው እንዲሁ ቀና ብላ ነው።

"ጀምሪ አክስቴ።"

አፏን ከፈተች፤ ምንም አልወጣም። ስጦታ አጥፍታ እንደገና ጀመረች። አሁንም ምንም።

"እጄ ባዶ ነው" አለች ባንቻየሁ።

ገብታ፣ በሴቶቹ መካከል አልፋ፣ ጥግ ካለው ጆንያ አንድ ጭብጥ ጠጉር ይዛ ወጣች። የዳባቱን። እንዝርቷንም ከመደርደሪያው አወረደች። በሐዘን ቤት አይፈተልም፤ ማንም ግን ምንም አላላት። ጠጉሩ ቅባት ቅባት ይላል፣ በግ በግ ይሸታል። መዳፏን ሲነካው ጣቶቿ እሷን ሳይጠይቁ መሳብ ጀመሩ። እንዝርቱ ሾረ።

"እኔ ባንቻየሁ ነኝ" አለች። ድምፅዋ የገበያ ድምፅ ነበር፤ ሻካራ፣ ደልዳላ። "እጄን ታውቁታላችሁ፤ ፊቴ ይሄውላችሁ። ልጄ ሦስት ዓመት ለመነችኝ፤ እንቢ ስላት ኖርሁ። ዛሬ እሺ ብያታለሁ። ይሄ ጠጉር የዳባት ነው፤ የገዛችው እሷ ናት። እኔ ብሄድ ከዚህ የተሻለ አላመጣም ነበር። ይህን ሳልነግራት ቆይቻለሁ።"

ክሩ ረዘመ። ጠቀለለችው።

"ደባርቅ ነን" አለች። "ብርዱ የኛ፣ ኮፍያው የናንተ።"

ከዚያ ጠበቀች። ሁልጊዜ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቃል አለ፤ በቃ እማ፣ ተይዟል። እንዝርቱ እየሾረ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳትነቅል ጠበቀች። ስጦታ ድንጋዩ ላይ ቆማ በሻርፗ አፏን አፍናለች። ስልኩ ማንም ሳያጠፋው ብዙ ሄደ።

በኋላ ስጦታ መጨረሻውን ቆርጣ ለጠፈችው።

ሴቶቹ ከታፈኑበት ተለቀቁ። እማሆይ ወለተ ማርያም ሲወጡ ባንቻየሁን ከራስ እስከ እግሯ አዩዋትና ሻሿ የተዛነፈበትን አቃኑላት። ስጦታ ስልኩን ሰጥታት ወደ ውስጥ ገባች። ባንቻየሁ ደጃፉ ላይ ብቻዋን ቀረች። ስልኩ ጢን አለ፤ ደጋገመ። ከዚያ ሁሉ መካከል የእየሩስን ስም ለየችው። ክንዷን ዘርግታ፣ ጠጠሩን ከምስሩ እየለቀመች፣ ቀስ ብላ ወረደችበት።

"እማዬ! አንቺ ነሽ? ዓይኔን አላምን አልሁ። ያለሜ አሸነፈች በይኛ! ሰማያዊው በር እንዴት ያምራል። ሕፃኑ ድምፅሽን ሲሰማ ጡቱን ትቶ ዞረ። አሁን ደህና ተኛሁ። ያቺን ልጅ ከስልኩ ጀርባ ጎትተሽ አውጪና በኔ ስም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሦስቴ፣ እንደ ወጋችን።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ታዲያ የጠየቀ ሁሉ መልስ ይገባዋል። ፊደሎቹን ፈልጋ ፈልጋ፣ አንዱን ስታ፣ አጥፍታ፣ ጻፈች፦ "እሺ።"

አያ ሰብስቤ ከአጥሩ በር ሆነው፣ ሰዎቹ ብርድ ላይ ቆመዋል፣ ላስገባቸው ወይ ብለው ጠየቁ።

"ትንሽ ይቆዩልኝ" አለቻቸው።

ስልኩን የበሩ መድረክ ላይ አስቀመጠችው። እንዝርቱን አጠገቡ አጋደመችው። ወደ ባላው ሄደች። እንጨቱ የያለም እጅ በሚይዘው በኩል ለስልሷል፤ ሁለቱ ቅርንጫፍ መካከል ላስቲኩ እንደተንጠለጠለ ነው። ባንቻየሁ ነጠላዋን በጥርሷ ያዘች፤ ያለምን ስትስም ሁልጊዜ እንደምታደርገው በእግሯ ጣት ተነሣች። የቀኙን ቅርንጫፍ ሳመችው፤ የግራውን፤ ደግሞ የቀኙን።